ደሴ በተደበደበች ማግስት ፓሪስ ላይ የተቆረሰው ካርታ

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓርብ ጠዋት የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴ ሰማይ ላይ ደረሱ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ የሰሜኑን ጦር በቅርብ ለመምራት ከአዲስ አበባ ተነሥተው ደሴ ከገቡ ገና ብዙ ቀን አልሆናቸውም ነበር። ከተማዋ በተራሮች መካከል የተጨመቀች ናት። ዛሬ ሆጤ ላይ ቆሞ ወደ ጦሳ ቀና የሚል ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። በዚያ ዘመን ደግሞ ብዙው ቤት የሣር ክዳን ነበር። አቃጣይ ቦምብ ሲወርድበት የሆነውን ለመገመት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ ከዚያ የሚበልጡት ቆሰሉ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሡ ከፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ጀርባ ሆነው የተነሡት፣ ዓለም የሚያውቀው ፎቶግራፍ የደሴ ነው።

ቀኑን ልብ በሉ። ወልወል ላይ የመጀመሪያው ጥይት የተተኮሰው ኅዳር 26 ቀን 1927 ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ልክ ዓመቱ። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያ ሳትሰለች ያደረገችው ነገር ቢኖር አቤት ማለት ነው። ጄኔቫ ለሚገኘው ለመንግሥታት ማኅበር፣ ያን ጊዜ ሊግ ኦፍ ኔሽንስ ይባል ለነበረው፣ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ጻፈች።

የደሴ ጭስ ሳይጠፋ፣ በማግስቱ ቅዳሜ፣ የብሪታንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ለዕረፍት ወደ ስዊዘርላንድ ሲያልፍ ፓሪስ ጎራ አለ። ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ከፒየር ላቫል ጋር ተቀመጡ። እሁድ ማታ ካርታው አለቀ። ኢትዮጵያ ከትግራይ ብዙውን ክፍል፣ ከደንከል ቁራሽ፣ ከኦጋዴን ደግሞ ሰፊ መሬት ለጣሊያን ትለቃለች። የደቡቡ ሰፊ ግዛት በስም የኢትዮጵያ ሆኖ ይቀርና ጣሊያን ሕዝቧን የምታሰፍርበት፣ ኢኮኖሚውን ብቻዋን የምታዝበት ቀጠና ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ ከአገሪቱ ከግማሽ በላይ ነው። በምላሹ ኢትዮጵያ አሰብ ወደብን ከአንዲት ቀጭን መተላለፊያ ጋር ታገኛለች።

ይህ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ «ፈረንጅ ከዳን» ተብሎ ይታለፋል። ንዴቱ ይገባል፤ ቃሉ ግን ልክ አይደለም። ከዳ የሚባለው ቃል የገባ ነው። ታላላቆቹ መንግሥታት ኢትዮጵያን ስለመጠበቅ በፈረሙት ወረቀት ሁሉ ውስጥ በእርግጥ የጠበቁት አንድ ነገር ነበር፤ በኢትዮጵያ ምክንያት እርስ በርስ እንዳይጣሉ።

ይህን ለማየት ከደሴ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በሰሜኑ መንገድ ሐይቅን አልፎ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ እዚያ የተፈራረሙትን ውል፣ በተለይ አንቀጽ 17ን፣ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከአውሮፓ ጋር ላላቸው ጉዳይ በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» አለ፤ ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጣሊያን በጥቅምት 1882 ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ያስታወቀችው ለአውሮፓ መንግሥታት ነበር፤ የበርሊን ስምምነት እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር ፈራሚዎቹ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ስለሚያዝ። የሚጠበቀው አገር ይነገረው የሚል አንቀጽ የለም። አብዛኞቹ የአውሮፓ ካርታ ሠሪዎችም ጊዜ ሳያጠፉ ቀለሙን ቀየሩ። ውሉን ያፈረሰው የቃላት ክርክር ሳይሆን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ የሆነው ነው።

ከዓድዋ በኋላ ነገሩ ጨዋ ልብስ ለበሰ። በታኅሣሥ 1899 ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ስምምነት ፈረሙ። የመጀመሪያው አንቀጽ የኢትዮጵያን ነባር ሁኔታና የግዛት አንድነት እንደሚጠብቁ ይናገራል። ቀጣዮቹ አንቀጾች ደግሞ ይህ ሁኔታ የተናጋ እንደሆነ ማን የትኛው ላይ «ጥቅም» እንዳለው ይዘረዝራሉ፤ የዓባይ ውሃ ለብሪታንያ፣ የባቡሩ መስመር ለፈረንሳይ፣ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኘው መሬት ለጣሊያን። ምኒልክ ታመው በነበረበት ጊዜ የመጣ ወረቀት ነው። ሲነገራቸው አመሰገኑ፤ ነገር ግን የነጻ መንግሥት መብታቸውን ከቶ እንደማይነካ አድርገው እንደሚያዩት ጨመሩበት። ከዚህ የተሻለ መልስ የሚሰጥ ዲፕሎማት በዚያ ዘመን ስንት ነበር?

ራስ ተፈሪ አገሪቱን በመስከረም 1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሲያደርጉ ይህንኑ ነበር የፈለጉት፤ ጓዳ ውስጥ የሚደረገውን ወደ አደባባይ ማውጣት። ስልቱ አንድ ጊዜ በደንብ ሠርቷል። በ1918 ዓ.ም. ብሪታንያና ጣሊያን ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ ብሪታንያ ጣና ላይ ግድብ ትሠራ ዘንድ ጣሊያን ትረዳታለች፣ ጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን በባቡር ታገናኝ ዘንድ ብሪታንያ ትረዳታለች። ባለቤቱን የጠየቀ የለም። ተፈሪ ደብዳቤውን ይዘው ጄኔቫ ላይ ለአባል አገሮች ሁሉ አሰሙ፤ ሁለቱም መንግሥታት ማንንም የማስገደድ ሐሳብ የለንም እያሉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ጉዳዩ በዚያው ቀዘቀዘ።

ሌላዋ ነጻ የአፍሪካ አገር ላይቤሪያም በዚያው ዘመን በዚሁ ወንፊት አልፋለች። ምዕራብ አፍሪካ ላይ ያለችው ይህች ትንሽ አገር የግዳጅ ሠራተኛ ወደ ፈርናንዶ ፖ ደሴት መላክ ተገኝቶባት ፕሬዚዳንቷ ሥልጣን ለቀቀ። ማኅበሩ «የእርዳታ ዕቅድ» አወጣላት፤ የውጭ አማካሪዎች ገንዘቧንና አስተዳደሯን ይዘው እንዲያስተካክሉ። ክሱ እውነት ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ነጻነቷን የሚበላ ነበር። ላይቤሪያ እምቢም እሺም ሳትል ስትከራከር ሁለት ሦስት ዓመት ቆየችና በ1926 ዓ.ም. ማኅበሩ ራሱ ሰልችቶት ዕቅዱን አነሣ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የላይቤሪያ ጠባቂዎች አበዳሪዎችና አማካሪዎች ነበሩ፤ በድንበሯ ላይ መቶ ሺህ ጦር ያሰለፈ አልነበረም። ማዘግየት ያዋጣት ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ ግን ጊዜ አልነበራትም።

ጊዜዋን የሸጠባት ላቫል ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ገናን በምታከብርበት ዕለት፣ ላቫልና ሙሶሊኒ ሮም ላይ ተፈራረሙ። ፈረንሳይ ሂትለርን ትፈራ ስለነበር የጣሊያንን ወዳጅነት ፈለገች፤ ዋጋውም ኢትዮጵያ ነበረች። ላቫል በኋላ የሰጠሁት የኢኮኖሚ ነጻነት ብቻ ነው ብሎ ተከራክሯል። ሙሶሊኒ ግን የሰማው እንደፈለግህ አድርግ የሚል ነው፤ ሠራዊቱን ሲያጓጉዝ የከለከለው አልነበረም። መርከቦቹ በሱዌዝ ቦይ ሲያልፉ የመተላለፊያ ክፍያ እየከፈሉ ነበር። ብሪታንያ በበኩሏ በክረምቱ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አልሸጥም አለች። አንደኛው ወገን የራሱ የመሣሪያና የአውሮፕላን ፋብሪካ አለው፤ ሌላው ጥይት እንኳ ከውጭ ነው የሚገዛ። እኩል ማየት ማለት ይህ ነበር።

ከዚያ ጳጉሜን 6 ቀን 1927፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ያው ሳሙኤል ሆር ጄኔቫ ላይ ተነሥቶ አገሩ ወረራን በጋራ ለመመከት ከማኅበሩ ጋር እንደምትቆም ተናገረ። ትንንሾቹ አገሮች እንባ ቀረሽ ጭብጨባ አጨበጨቡለት። ያልነገራቸው፣ ንግግሩን ከማድረጉ በፊት ከላቫል ጋር ተገናኝተው ወደ ጦርነት የሚያደርስ እርምጃ እንዳይወሰድ መስማማታቸውን ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ጣሊያን መረብን ተሻገረች። ማኅበሩ በአራት ቀን ውስጥ ወራሪ ብሎ ፈረደባት፤ 50 ያህል አገሮችም ለማዕቀብ እጃቸውን አወጡ። ማዕቀቡ ኅዳር 8 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ዝርዝሩን ያየ ሰው ይስቃል ወይም ያለቅሳል። ለጣሊያን እንዳይሸጥ ከተከለከለው ውስጥ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል አሉበት። ነዳጅ የለበትም። ባዶሊዮ ደግሞ ወደ ደሴ የመጣው በበቅሎ ብቻ አልነበረም፤ የጭነት መኪናውም ታንኩም አውሮፕላኑም ነዳጅ ጠጪ ነው። ሙሶሊኒ ኋላ ለሂትለር፣ ነዳጁ ቢጨመር ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር ማለቱን የሂትለር አስተርጓሚ ጽፎታል። የነዳጁ ጉዳይ ሊመከርበት የተቀጠረው ለታኅሣሥ 2 ቀን 1928 ነበር። ሆርና ላቫል ፓሪስ ላይ የተጣደፉት ከዚያ ቀጠሮ በፊት ለመድረስ ነው።

እንግዲህ ወደዚያ እሁድ ማታ እንመለስ። ዕቅዱ በምስጢር ለሙሶሊኒ ሊደርስ ነበር፤ ነገር ግን በማግስቱ ሰኞ የፓሪስ ጋዜጦች አወጡት። ለንደን ተናወጠች። የብሪታንያ ሕዝብ ከአንድ ወር በፊት ኅዳር 4 ቀን የመረጠው መንግሥት ለማኅበሩ እቆማለሁ ያለውን ነበር። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ በተደረገ የሕዝብ ድምፅ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሳትፎ ብዙኃኑ ወራሪ በኢኮኖሚ ማዕቀብ ይመከት ብሎ ነበር። የምክር ቤት አባላት ላይ ደብዳቤ ዘነበ። «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ ለኢትዮጵያ የተሰጠችውን የአሰብ መተላለፊያ «የግመሎች መተላለፊያ» ብሎ ርእሰ አንቀጽ ጻፈባት፤ ኢትዮጵያ በዚያ ላይ ባቡር እንዳትዘረጋ ሊከለክሏት ማሰባቸው ተሰምቶ ነበርና። ሆር ይህ ሁሉ ሲሆን ስዊዘርላንድ በረዶ ላይ ሲንሸራተት ወድቆ አፍንጫው ተሰብሮ ተኝቷል። ታኅሣሥ 8 ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ። ላቫልም በጥር ወር ወደቀ።

በአዲስ አበባ የነበረው የብሪታንያ ሚኒስትር ሲድኒ ባርተን፣ ንጉሡ ዕቅዱን እንዳይጥሉት ባለው ተሰሚነት ሁሉ እንዲገፋፋ ከለንደን ታዝዞ ነበር። መልእክቱ ቦምብ የወደቀባት ደሴ ደረሰ። ኢትዮጵያ የሰጠችው የመጀመሪያ መልስ እሺም እምቢም አይደለም፤ ጉዳዩ በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ፊት በግልጽ ይመከርበት የሚል ነው። የ1918ቱ ስልት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ዕቅዱን መቀበል ወራሪን መሸለም መሆኑን ተናግረው የጣሉት።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለ፤ ዛሬም አልሞተም። ግማሹን ሰጥቶ ግማሹን ማዳን አይሻልም ነበር ወይ? ከአምስት ወር በኋላ ሁሉም ሄደ። ከነአክሱም የቀረ እምብርት፣ ከነአሰብ ወደብ፣ በጄኔቫ ወንበር ያለው መንግሥት ይተርፍ ነበር ይላሉ። ክርክሩ ቀልድ አይደለም፤ ከማይጨው በኋላ የሞተውን ሰው የሚቆጥር በቀላሉ አይስቅበትም።

ነገር ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። ሙሶሊኒ ራሱ ዕቅዱ እስከሞተ ድረስ እሺ አላለም። ንጉሡ ተቀብለውት ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለው ድርድር የሚጀምረው ከዚያ ነበር እንጂ እዚያ አያበቃም። ሁለተኛው ያ የደቡብ ቀጠና ነው። በኢትዮጵያ ሰንደቅ ሥር ጣሊያን የምታዝበት አገር ማለት የውጫሌ አንቀጽ 17 በሌላ ልብስ መምጣቱ ነው፤ በወሎ መሬት ላይ የተቀመጠ መንግሥት ይህን ሳያውቅ ሊቀር አይችልም። ይልቅ ደሴ ላይ የተሠራ ስህተት ካለ እምቢ ማለቱ አይደለም። ከጄኔቫ የነዳጅ ማዕቀብ ይመጣል ብሎ በልብ ተስፋ ማድረጉ ነው፤ ያም ቢሆን ሌላ ምን ምርጫ ነበር ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ቀላል አይደለም።

የእንግሊዝ ሕዝብ ቁጣ እውነተኛ ነበር። ዕቅዱን ገደለው። ችግሩ ቁጣው ሆርን ካባረረ በኋላ የድርሻዬን ተወጣሁ ብሎ ቤቱ መግባቱ ነው። የተቀጠረው የነዳጅ ምክክር ከዕቅዱ የተነሣ ተላለፈ፤ ከተላለፈበት አልተመለሰም። ሱዌዝ አልተዘጋም። በታኅሣሥ አጋማሽ በተከዜ ሸለቆ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ መውረድ ጀመረ። የካቲት 28 ቀን ሂትለር ራይንላንድን በጦር ያዘ፤ ከዚያ ወዲያ ፓሪስና ለንደን ስለ አፍሪካ የሚያስብ ጭንቅላት አልነበራቸውም። አደባባይ ላይ ማውጣት ክፉ ውልን ማፍረስ ይችላል። ደግ ውልን በቦታው መትከል ግን አልቻለም።

መጋቢት 22 ማይጨው ሆነ። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ጣሊያኖች ደሴ ገቡ፤ የባዶሊዮ የመኪና ሰልፍ ወደ አዲስ አበባ የተነሣውም ከዚያው ከደሴ ነው። ንጉሡ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ ቆመው ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች ፉጨት ለቀቁባቸው፤ በሐምሌ ማዕቀቡ ተነሣ። በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ ብሪታንያ የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ ተቀበለች። እስከ መጨረሻው አልቀበልም ካሉት ጥቂቶች አንዷ ሜክሲኮ ናት፤ አዲስ አበባ አደባባይ ሰጥታታለች። ሜክሲኮ ኢትዮጵያን ለመጠበቅ ቃል የገባችበት ልዩ ውል አልነበራትም።

ብሪታንያ የተመለሰችው ሙሶሊኒ ጦርነት ሲያውጅባት ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 የደቡብ አፍሪካ ብርጌድና የኢትዮጵያ አርበኞች ከኮምቦልቻ ውጊያ በኋላ ደሴን ያዙ። በዘጠነኛው ወር፣ ጥር 23 ቀን 1934፣ አዲስ ስምምነት ተፈረመ። ኢትዮጵያ ነጻ መንግሥት መሆኗ ይነገራል፤ ከዚያ የብሪታንያ አማካሪዎች ይመጣሉ፣ የብሪታንያ ሚኒስትር ከሌሎች ዲፕሎማቶች ሁሉ ይቀድማል፣ ኦጋዴን በብሪታንያ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ይቆያል። የኦጋዴን የመጨረሻው ቁራሽ የተመለሰው በ1947 ዓ.ም. ነው።

መንገዱ ይቀራል። ሐምሌ 26 ቀን 1920 ኢትዮጵያና ጣሊያን ለ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ሲፈራረሙ አብሮ የተፈረመው ስምምነት ኢትዮጵያ አሰብ ላይ ነጻ ቀጠና እንድታገኝና ከአሰብ ደሴ የመኪና መንገድ እንዲሠራ ይል ነበር። ሁለቱም ወገን ተጠራጠረና መንገዱ ወረቀት ላይ ቀረ፤ ኢትዮጵያ በዚያ መንገድ ጦር ይመጣብኛል ብላ ፈርታ ነበር። ሆርና ላቫል በ1928 ለኢትዮጵያ እንደ ካሣ ያቀረቡት ያንኑ አሰብን ነው። መንገዱን በመጨረሻ የሠራው ወራሪው ራሱ ነው፤ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ድረስ። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የአገሪቱን ጨውና ነዳጅ፣ ስንዴና ብረት ሲያመላልስ ኖረና ግንቦት 1990 ላይ ጦርነት ሲነሣ መኪናዎቹ ቆሙ።